ቶሎክ እስኪዘጋ

ሜይ 4፣ ሰኞ

የእረፍቴ ስድስተኛ ቀን። የሳሎኑ ማራገቢያ እንደገና ቆመ። የሚጠግነው ሰው «ነገ እመጣለሁ» አለኝ። ካርመን ከተማ ውስጥ «ነገ» የቀን ስም አይደለም፣ የትሕትና ቃል ነው። ላብ በላብ ሆኜ ዋልኩ።

ቱታዬን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። የጭቃው ሽታ አልለቀቀም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የነዳጅ ጉድጓድ ጭቃ እያዘጋጀሁ... በሁለት እጥበት ምን ይለቃል? ጎረቤቴ ዶኛ ኦቲሊያ ከአጥሩ ማዶ፣ «አይ ኤውላሊያ! ይህን ሁሉ ተምረሽ ጭቃ ታቦኪ?» አለችኝ። በየጊዜው ትለኛለች፣ በየጊዜው አስረዳታለሁ። ከታች ነዳጅና ጋዝ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከላይ የጭቃው ክብደት ይጫነዋል። ጭቃው ከቀለለ ጉድጓዱ ያመልጣል። «እሺ እሺ» ብላ ትስቃለች።

አባዬ ከዓሣ አጥማጆች መንደራችን ከሴይባፕላያ ደወለ። ጉልበቱ ተሽሎታል። ጀልባውን ቀለም እየቀባ ነው። የኦክቶፐስ ማጥመጃው ጊዜ ኦገስት ላይ ይከፈታል፤ እሱ ግን ከአሁኑ ልቡ ባሕር ላይ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ... ማን ይመክረዋል?

ሜይ 6፣ ረቡዕ

ቶሎክ ፈነዳ።

የሰማሁት የበቆሎ ቂጣ የሚሸጡበት ቶርቲያ ቤት ተሰልፌ ነው። ሬዲዮው ሲናገር ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ባሕሩ ላይ ያለው የቁፋሮ መድረክ እየተቃጠለ ነው፤ ሦስት ሰው አልተገኘም። ጉድጓዱ የኩባንያችን ነው፤ እኔ ግን ሠርቼበት አላውቅም። ስሙን ያወጡለት ውሃ ላይ በሚሮጠው እንሽላሊት ነው።

ቶርቲያውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከሰዓት ስልክ ጮኸ። ኢንጂነር ዋልዴማር ኦሶርኖ፣ የድሮ አለቃዬ። ጉድጓዱን የማስቆሙን ሥራ ለእሱ ሰጥተውታል። «ሻንጣሽን አዘጋጂ» አለኝ። «ለስንት ቀን?» አልኩት። «ካወቅሽ ለእኔም ንገሪኝ።»

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

መርከብ ላይ ነኝ። መድረኩ ሰምጧል። ባሕሩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተዘርግቷል፤ ከሩቅ ያምራል። ሽታው ግን ጉሮሮ ያንቃል።

የጉድጓዱ አፍ ከእግራችን በታች አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ላይ ነው። ጠላቂ አይወርድም፤ የውሃው ክብደት ይጨፈልቀዋል። ሮቦት ብቻ። ሮቦቱን የሚነዳው ፍሎሪቤርቶ ኡክ ይባላል፣ ሁሉም «ፍሎ» ይለዋል። የኢስላ አጓዳ ሰው፣ አርባውን ያለፈ፣ ምላሱ ስለት። እንደ ሲኒማ ቤት የጨለመች ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል። «ኢንጂነርዬ፣ ነይ ሰይጣንን ላስተዋውቅሽ» አለኝ።

አየሁት። ከተሰበረው ቱቦ ጥቁርና ቡኒ ጭስ የመሰለ ነገር ይንፈቀፈቃል። አያርፍም። ትንፋሽ አይወስድም...

አፉ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ቤት የሚያህል ቫልቭ ተተክሏል። የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው፤ ቧንቧውን በብረት ምላጭ ቆርጦ ሊዘጋ። ፍሎ ሦስት ቀን በሮቦቱ እጅ ሲታገለው ከረመ። ምላጩ ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። ቧንቧው ውስጥ ተጣሞ ከምላጩ ጫፍ ውጭ ወድቋል ይላሉ።

«አንድ ቀን ብቻ እንዲሠራ ተገዛ፤ ያን ቀን ቀረ» አለ ፍሎ። «የእኔ አማች እንኳን እንዲህ አላደረገም።»

ሜይ 15፣ ዓርብ

ሁለተኛ መርከብ ከሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አዲስ የማዳኛ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። በጎን ወርዶ፣ ከባሕሩ ወለል በታች አራት ሺህ ሜትር ላይ ቶሎክን መውጋት አለበት። የሚወጋው የሳህን ስፋት ያላት ቧንቧ ናት። ሦስት ወር ይፈጃል። እርግጠኛው መድኃኒት እሱ ብቻ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሦስት ወር!

እስከዚያ ምን እናድርግ? እጅ አጣጥፈን እንይ?

ሜይ 18፣ ሰኞ

ትልቅ የብረት ድንኳን አወረዱ፤ ዘጠና ቶን። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቱቦውን ከላይ ሸፍኖ ነዳጁን በቧንቧ ወደ መርከብ መሳብ። በቀላሉ የሚገባ ሐሳብ ስለሆነ ሁሉም ወደደው።

እዚያ ታች ያለው ውሃ ፍሪጅ ነው። ጋዙ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ሲገናኝ በረዶ የመሰለ ነገር ይሠራል። ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታፈነ። ቧንቧው ተደፈነ። ይባስ ብሎ ያ በረዶ ከውሃ ይቀልላል... ዘጠና ቶን ብረት እንደ ጀልባ መነሳት ጀመረ! ፍሎ ሮቦቱን ወደ ኋላ አሸሸ። መቀለድ ያቆመበት የመጀመሪያ ቀን።

ድንኳኑን ወደ ጎን አስቀመጡት። ኦሶርኖ ማንንም ሳያይ ወጣ።

ሜይ 22፣ ዓርብ

ዛሬ ያደረግኩትን ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው። ከላይ ከባድ ጭቃ በኃይል ወደ ቫልቩ እንገፋለን፤ ጭቃው ወደ ታች ወርዶ ነዳጁን ይጫነዋል። ምን ያህል ጭቃ፣ በምን ፍጥነት? ያ የሚወሰነው ከታች በሚመጣው ነገር ብዛት ነው። ኩባንያው «በቀን ስድስት ሺህ በርሜል» ብሎ ለጋዜጠኛ ተናግሯል።

የፍሎን ቪዲዮ ወሰድኩ። የቱቦውን ስፋት አውቃለሁ። በጭሱ ውስጥ አንዲት ጉብታ መርጬ በየምስሉ ምን ያህል እንደሄደች ለካሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ... ጋዙን ቀነስኩ። አርባ ሺህ። እንደገና ሠራሁት፣ አርባ ሦስት ሺህ። በርኅራኄ ሠራሁት፤ ከአርባ ሺህ በታች አልወርድ አለ።

ወረቀቱን ይዤ ኦሶርኖ ዘንድ ሄድኩ። ቆሞ አነበበው።

«ለማን አሳየሽው?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«መንግሥት ኩባንያውን በየበርሜሉ እንደሚቀጣው ታውቂያለሽ?»

«እኔ የማውቀው ጭቃዬ በዚህ ፍጥነት ከተገፋ ወደ ታች እንደማይወርድ ነው፣ ኢንጂነር። ሁሉም ተመልሶ ይወጣል።»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ቪዲዮ ለመዝናኛ ነው። ይሄ ቁጥር ደብተርሽ ውስጥ ይቀመጥ።»

አስቀመጥኩት። ምን ላደርግ ነበር? ልጩህ?

ሜይ 25፣ ሰኞ

ስብሰባ። አሥራ አራት ሰው። «የጭቃው ክፍል ተቃውሞ አለው?» ተባለ።

«የለውም» አልኩ።

ሆድ ይፍጀው።

ሜይ 28፣ ሐሙስ

ሦስተኛ ቀን ጭቃ እየገፋን ነው። አሥራ ስድስት ሺህ በርሜል ጭቃ፣ በእጄ የመዘንኩት፣ በጣቴ የቀመስኩት ያህል የማውቀው... ስክሪኑ ላይ ከቱቦው ሲወጣ አየሁት። ጥቁሩ ቡና ቀለም ሆነ። ክፍሉ ውስጥ አጨበጨቡ፤ «ጭቃው እያሸነፈ ነው» አሉ። እኔ ግን አወቅኩት። ያሸነፈ ጭቃ አይታይም። የሚታየው የተባረረው ነው።

የጎማ ኳስ፣ የገመድ ቋጠሮ፣ የተቆራረጠ ጎማ ጨምረው ገፉ፣ ቀዳዳውን ይደፍናል ብለው። ፍሎ፣ «የቀረን የኮኮናት ልጣጭ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሜይ 30፣ ቅዳሜ

ጭቃው እንደማይሠራ በይፋ ተነገረ። «ባልተጠበቀ ምክንያት።» ያልተጠበቀ!

አባዬ ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«ደረሰ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ምኑ ትይኛለሽ? ድፍድፍ ነዳጁ ነዋ። ከባሕሩ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ድረስ ይሸታል። ሸርጣኖቹ እየወጡ አሸዋ ላይ ይሞታሉ። አንቺ እዚያ ነሽ አይደል? እዚያው ላዩ ላይ?»

«እየሠራን ነው አባዬ...»

«ሬዲዮው ትንሽ ነው የሚወጣው አለ። ስድስት ሺህ። ይሄ ነው ትንሹ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ላላ፣ ትንሽ ነው?» አለኝ በቁልምጫ ስሜ።

«ስለ ሥራ እንድናወራ አይፈቀድልንም» አልኩት። ለአባቴ! ስልኩን ዘጋው።

ጁን 3፣ ረቡዕ

አባዬ ስልክ አያነሳም።

ጁን 6፣ ቅዳሜ

አያነሳም። የአጎቴን ልጅ ጠየቅኩት። «ደህና ነው፤ ስምሽን ስንጠራ ግን ይነሳና ይሄዳል» አለኝ።

እንቅልፍ የለም። ቀን ሥራ የለም። ጭቃው ካልተፈለገ የጭቃ ሠራተኛ ምን ታደርጋለች? መርከቡ ላይ ከጫፍ ጫፍ እመላለሳለሁ። መቶ ሰባ አራት እርምጃ።

ጁን 9፣ ማክሰኞ

አዲስ ሐሳብ መጣ። የተጣመመውን ቱቦ ከነብሎኑ ፈትቶ፣ በቫልቩ አናት ላይ አዲስ ክዳን ገጥሞ ማሰር። ክዳኑ ራሱ ሦስት ቫልቭ አለው፤ ሲገጥም ክፍት ሆኖ ነዳጁ በውስጡ ያልፋል፣ ከታሰረ በኋላ ቀስ እያሉ ይዘጉታል። የሚሠራው ዶን አብዶን የሚባል የታምፒኮ ሽማግሌ ነው። ሥራውን የጀመረው በብየዳ ነው፤ ሁለት ጣት የለውም።

ስብሰባው ላይ ዶን አብዶን ተነሳ። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለ። «ክዳኔን የሚገፋው ስንት ነው? ነዳጁ የሚያልፍበትን መተንፈሻ አጥብቤ ከሠራሁት ይወረውረዋል። ሮቦቱንም፣ ቫልቩንም ይዞ ይሄዳል። ስድስት ሺህ ነው ካላችሁ በስድስት ሺህ እሠራለሁ። ግን ጭቃውን ስትገፉ ከነበራችሁት መሃል አንድ ሰው ዓይኔን አይቶ ይንገረኝ።»

ጭቃውን የገፋሁት እኔ ነኝ።

ተነሳሁ። «ስድስት አይደለም፣ ዶን አብዶን። ከአርባ በላይ ነው። ከሜይ 22 ጀምሮ አውቃለሁ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እጥፋቱ ጠቁሯል።

ኦሶርኖ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አንድ የኩባንያ ሰው «ይህ ይፋ ቁጥር አይደለም» አለ። ዶን አብዶን መነጽሩን አደረገና ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «ይፋውን አልጠየቅኩም» አለው።

ጁን 10፣ ረቡዕ

በሄሊኮፕተር ወደ የብስ ላኩኝ። «ለእረፍት።» ኦሶርኖ አልተሰናበተኝም። ፍሎ ግን ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ ሄሊኮፕተሩ መጣ። «ኢንጂነርዬ፣ እዚህ መርከብ ላይ ከሰይጣን ጋር የተነጋገርነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ በሮቦት፣ አንቺ በአፍሽ» አለኝ።

ጁን 14፣ እሑድ

ሴይባፕላያ። አሸዋው ላይ ጥቁር ጥፍጥፍ፣ እንደ ቀለጠ አስፋልት። ፔሊካን ክንፏን መዘርጋት አቅቷት ቆማለች። ሴቶቹ በአካፋና በፕላስቲክ ከረጢት ያፍሳሉ፤ ማዕበሉ ያፈሱትን ያህል ይመልሳል።

አባዬ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አየኝ። ተነስቶ ወንበሩን ይዞ ገባ። በሩን አልዘጋውም... ግን አልገባሁም። አካፋ ተበድሬ ከሴቶቹ ጋር ዋልኩ። ስሜን የጠየቀኝ የለም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። የሚያናግረኝም የለም።

ጁን 20፣ ቅዳሜ

አሁንም አካፋ። እጄ ውሃ ቋጠረ። ይሻላል። ከደብተር ይሻላል።

ጁን 25፣ ሐሙስ

ኦሶርኖ ደወለ። የሜሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በራሳቸው መንገድ ለክተው አርባ አንድ ሺህ አግኝተዋል። ጋዜጣ ላይ ወጣ። ዶን አብዶን ክዳኑን ቀድሞውኑ በእኔ ቁጥር ሠርቶታል፤ ማንንም አላስፈቀደም።

«ተመለሺ» አለኝ ኦሶርኖ።

«ተባርሬ አልነበረም እንዴ?»

«እረፍትሽ አለቀ በያ!» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ኤውላሊያ፣ ታስፈልጊኛለሽ» አለ።

ጁላይ 1፣ ረቡዕ

ወደ መርከቡ ተመለስኩ፤ ማዕበልም አብሮኝ መጣ። መርከቦቹ ሁሉ ቧንቧቸውን ነቅለው ሸሹ። የማዳኛው ጉድጓድ ሥራም ቆመ። ከታች ደግሞ ነዳጁ... እሱ ማዕበል መኖሩን አያውቅም። አምስት ቀን ይጠፋል። አምስት ጊዜ አርባ ሺህ። ማስላቱን ማቆም አልቻልኩም።

ጁላይ 12፣ እሑድ

ክዳኑ ወረደ።

ፍሎ ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ብሎን ሲፈታ ዋለ። እያንዳንዱ የክንድ ያህል ነው። በሮቦት እጅ፣ በሚንፈቀፈቀው ጥቁር መሃል፣ ምንም በማይታይበት። አራተኛው አልንቀሳቀስ አለ። «ነይ የእኔ ቆንጆ፣ ነይ የእኔ ማር» እያለ ሲያባብለው አምሳ ደቂቃ። ሲዞር ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ አብረን ተነፈስን።

ከዚያ ሰባ ቶን ክዳን ከመርከቡ በገመድ ተንጠልጥሎ ከላይ። መርከቡ በሞገድ ሲነሳ ክዳኑም ይነሳል። አንድ ክንድ ቢዛነፍ ሁሉንም ይሰብራል። ዶን አብዶን ስክሪኑን አላየም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ባለ ሦስት ጣት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ነዳጁ በመተንፈሻው በኩል አለፈ። አልወረወረውም።

«ገባ» አለ ፍሎ።

«ደግመህ በል» አለ ዶን አብዶን፣ ሳይዞር።

«ገባ፣ ዶን አብዶን! ገባ!»

ጁላይ 15፣ ረቡዕ

የዛሬውን በሥርዓት መጻፍ እችል እንደሆነ አላውቅም።

የክዳኑን ቫልቮች አንድ በአንድ ዘጋን። የመጨረሻው ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ ጭሱ ቀጠነ... ቀጠነ... ቆመ። ከሰባ ቀን በኋላ። ማንም አልጮኸም፤ ሁሉም ዓይን የግፊት ቆጣሪው ላይ ነበር። ምክንያቱም ዘግተን ማሸነፋችን ገና አልታወቀም። ጉድጓዱ ውስጡ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ የተዘጋው ነዳጅ በጎን አለቱን ሰብሮ በባሕሩ ወለል ይወጣል። ያኔ የሚደፈን አንድ አፍ አይኖርም፤ መቶ አፍ ይሆናል።

ሕጉ ግልጽ ነበር። ቆጣሪው ዘጠኝ ሺህ ፒኤስአይ ግፊት ካሳየ ጉድጓዱ ጤነኛ ነው፤ ይዘጋ። ከስድስት ሺህ በታች ካሳየ ያፈሳል፤ በፍጥነት ይከፈት።

ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ላይ ቆመ።

አይ ፈጣሪ! ዘጠኝ አይደለ፣ አምስት አይደለ። መሃል!

የመንግሥት ሰዎች «ክፈቱት» አሉ። የኩባንያው ሰዎች ተከራከሩ። ኦሶርኖ ዞሮ እኔን አየ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«ጭቃ፣ ምን ትያለሽ?»

«ዘጠኝ ሺህ ማን አለ?» አልኩት። «ይህ የታሰበው በስድስት ሺህ በርሜል ነው። በቀን ስድስት ሺህ ብቻ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ከታች ያለው ክምችት ገና ሙሉ ነበር፤ ግፊቱም ዘጠኝ ይሆን ነበር። ያኔ ይህ ቁጥር ያፈሳል ማለት ነው። ግን ሰባ ቀን በቀን አርባ ሺህ ከወጣ... ክምችቱ ደክሟል። አየር እንደወጣለት ጎማ። ስድስት ሺህ ሰባት መቶ የሚያፈስ ጉድጓድ ቁጥር አይደለም፤ የደከመ ጉድጓድ ቁጥር ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ካፈሰሰ ግን ቆጣሪው እየወረደ ይሄዳል። ከደከመ ቀስ እያለ ይወጣል። ጥቂት ሰዓት ስጡት፤ እሱ ራሱ ይንገረን።»

ስድስት ሰዓት ሰጡት።

እስካሁን ጥፍሬን ስበላ ነው። ስድስት ሺህ ሰባት መቶ አራት። ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ዘጠኝ...

ጁላይ 16፣ ሐሙስ

ስድስት ሺህ ሰባት መቶ አርባ። እየወጣ ነው። እየወጣ ነው!

ጁላይ 18፣ ቅዳሜ

ፍሎ ከጉድጓዱ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ከወለሉ አረፋ ሲወጣ አየ። ሁሉም እኔን አዩኝ። ተሳስቼ ከሆነ... የአባዬ ባሕር ለዘለዓለም...

ሮቦቱ በጠርሙስ ቀድቶ አመጣው። ላቦራቶሪው አሥር ሰዓት ፈጀ። የቶሎክ ጋዝ አይደለም፤ ባሕሩ ከጥንት የሚተነፍሰው ነው። ስሰማ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስመለሰኝ።

ኦሶርኖ ኮሪደሩ ላይ ውሃ ይዞ ቆሞ ነበር። ሰጠኝ። «ያን ወረቀት ያኔ ተቀብዬሽ ቢሆን...» አለ።

«እኔም ያኔ ጮኼ ቢሆን» አልኩት።



ኦገስት 16፣ እሑድ

ከአንድ ወር በላይ የማዳኛውን ጉድጓድ ስንጠብቅ ቆየን። መሰርሰሪያው የቶሎክን ብረት በማግኔት እያሸተተ፣ እንደ ዓይነ ስውር በበትሩ እየዳበሰ ተጠጋ። ጥቂት ሜትር ይቆፍራሉ፣ ያወጣሉ፣ ይለካሉ፣ ጥቂት ሜትር ይቆፍራሉ። ዛሬ ጠዋት ነካው። ከባሕሩ ወለል አራት ሺህ ሜትር ታች፣ የሳህን ስፋት።

ነገ የእኔ ጭቃ ነው። ሊትሩ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ከከበደ አለቱን ይሰነጥቃል፤ ከቀለለ ነዳጁ ይንቀዋል። ሦስት ጊዜ መዘንኩት። ሄጄ እንደገና ልመዝነው ነው።

ኦገስት 17፣ ሰኞ

ጭቃው ከታች ገባ። ከላይ የሚያባርረው ስላልነበረ በዝግታ ሞላ። ቆጣሪው ወረደ። አምስት ሺህ። ሦስት ሺህ። ዘጠኝ መቶ። ከሰዓት በኋላ ዜሮ አለ፤ አንድ ሰዓት ጠብቀን እንደገና አየነው። ዜሮ።

ፍሎ እጁን ከመሪው አነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። የሦስቱን ሟቾች ስም አንድ በአንድ ጠራ፤ አንዱ የሰፈሩ ልጅ እንደነበረ ያወቅኩት አሁን ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንቀልድ አንድም ቀን አልነገረኝም።

ነገ ሲሚንቶ ያፈሱበታል።

ሴፕቴምበር 8፣ ማክሰኞ

ካምፔቼ ከተማ፣ የምርመራው ጉባኤ። ኩባንያው ጠበቃ ሰጥቶኝ ነበር። «የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ» አለኝ። አዳራሹ መጨረሻ ላይ ከሴይባፕላያ የመጡ አምስት ዓሣ አጥማጆች ተቀምጠዋል። አንዱ አባዬ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ።

ዳኛዋ ስለ ቁጥሩ ጠየቁኝ። ሁሉም እንደ ጀግና ያዩኛል፤ እውነቱን የተናገረችው፣ ክዳኑን ያዳነችው...

«መቼ ተናገሩ?»

«ጁን 9።»

ጠበቃው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ዳኛዋም አመሰገኑኝ። መነሳት እችል ነበር።

«ያወቅኩት ግን ሜይ 22 ነው» አልኩ። «በሜይ 25 ስብሰባ ተቃውሞ እንዳለኝ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። አሥራ ስምንት ቀን ዝም ብያለሁ። ያኔ ብናገር ኖሮ ጭቃውን በመግፋት ጊዜ አናጠፋም፤ ክዳኑ በሁለት ሳምንት ይቀድም ነበር።»

ኦሶርኖ ዓይኑን ጨፈነ።

ውጭ ደረጃው ላይ አባዬ ጠበቀኝ። ሦስት ወር ከምናምን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «አሥራ ስምንት ቀን» ነው።

«አዎ አባዬ።»

«ስጠይቅሽም ታውቂ ነበር። በስልክ።»

«አውቅ ነበር።»

ጉልበቱን አሻሸ። መኪናው ዘንድ የቆሙትን ሰዎች አየ። «እነሱ ግማሹን አልሰሙም፤ ማይክራፎኑ ይቆራረጣል። ነገ ነይና እዚያው ባሕሩ ዳር ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም።»

ሴፕቴምበር 9፣ ረቡዕ

ነገርኳቸው። ጀልባዎቹ አጠገብ፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ ፀሐይ አናት ላይ። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ዝምታዬን። አባዬ ከጎኔ ቆመ፤ አልረዳኝም፣ አልሄደምም።

ዶን ኤርሚሎ የሚባለው፣ ሁለት ጀልባ ያለው፣ ምራቁን ተፍቶ ጀርባውን ሰጠኝና ሄደ። ሌሎች ሦስት ተከተሉት። መብታቸው ነው። አንዲት ሴት፣ በጁን አብራኝ በአካፋ ስታፍስ የነበረች፣ «ይቅር እንድንልሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «እንድታውቁት ነው።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ «ኦክቶፐሱ መቼ ይበላል?» አለ። ማጥመድ እስካሁን ተከልክሏል።

«አላውቅም። ውሃውንና አሸዋውን መለካት ያስፈልጋል። በየሳምንቱ፣ ምናልባት ለዓመታት።»

«ማን ይለካዋል? ኩባንያው?» ሳቁ። የመረረ ሳቅ።

«እኔ ሥራ የለኝም» አልኩ። እውነት ነው፤ የስንብት ደብዳቤው ትናንት ከሰዓት ደርሶኛል። «መለካት ግን እችላለሁ። የሜሪዳ ሰዎች መሣሪያ ያውሱኛል።»

ተያዩ። ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ቀረበች።

«እና ቁጥሩን ስታገኚው? መጥፎ ቢሆንስ? መቼ ትነግሪናለሽ?»

«በዚያው ቀን» አልኳት።